የወረዳችን ግብር ቢሮ፦ ክፍያው 5 ኮከብ፣ ግምቱ 1 ኮከብ

ሰው ስለ ክትፎ ቤትና ስለ ስልክ አስተያየት ይጽፋል። እኔ ደግሞ በዓመት አንዴ ስለምሄድበት፣ ግን ከየትኛውም ክትፎ ቤት የበለጠ ብር ስለተውኩበት ቦታ ልጻፍ። የወረዳችን ግብር ቢሮ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ አልናገርም፣ ነገም ሐምሌ ይመጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ሁለት ወንበር ያለው የወንዶች ፀጉር ቤት አለኝ። ሥራ ከጀመርኩበት ከ2007 አንስቶ ደረጃ ሐ ግብር ከፋይ ነበርኩ። ለማያውቅ ሰው፣ በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ዓመታዊ ሽያጩ ከ500 ሺህ ብር በታች የሆነ ነጋዴ ሐ ይባል ነበር። የሒሳብ መዝገብ አይጠየቅም ነበር፣ የቀን ገቢው ይገመትና ከሐምሌ 1 እስከ 30 ባለው ጊዜ ቁርጥ ግብሩን ይከፍል ነበር።

ከክፍያው ልጀምር፣ እዚህ ላይ ሐቁን መናገር አለብኝ። ድሮ ሐምሌ ማለት ዝናብና ሰልፍ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተህ ወረፋ ትይዛለህ። ስም የሚመዘግብ ሰውዬ አለ፣ ማን እንደሾመው ግን አይታወቅም። ረፋድ ላይ ተራህ ሲደርስ "ሲስተም የለም" ትባላለህ። አንድ ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ቤቱን ዘግቼ ተመላልሻለሁ፣ የእነዚያን ሦስት ቀናት ገቢ ግብሩ ላይ ደምሩት። ባለፈው ሐምሌ ግን ገብቼ የሚከፈለውን አስወሰንኩ፣ ወጣሁ፣ በሩ ላይ ጃንጥላ ይዤ እንደቆምኩ በቴሌብር ከፈልኩ። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። በነጋታው ለደንበኞቼ ሳወራ ያላመነኝ ነበር።

ሠራተኞቹም ተለውጠዋል። ቁርስ ቤት ያላቸው አንዲት እናት መነጽራቸውን ረስተው መጥተው ፎርሙን እያገላበጡ ነበር። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ወጥታ "እማዬ ይቀመጡ፣ እኔ እሞላልዎታለሁ" አለቻቸው። ሰልፉ ቆመ፣ ማንም ግን አላጉረመረመም። ስለዚህ ለክፍያው 5 ኮከብ፣ ለልጅቷ ቢኖር 6።

አሁን ወደ ግምቱ።

በ2009 የቀን ገቢ ጥናት ተብሎ ገማቾች በየሱቁ ዞሩ። እኔ ጋ የመጡት ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ፀጉር ቤት ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ሁለቱም ወንበር ተይዟል፣ አግዳሚው ሞልቷል፣ ኳስ የሚያይም አለ፣ ሻይ የሚጠጣም አለ። አባታቸውን አጅበው የመጡት ሁለት ሕፃናት ሳይቀሩ የተቆጠሩ ይመስለኛል። "በቀን ስንት ሰው ትቆርጣለህ?" ሲሉኝ "እባካችሁ ሰኞ ኑና እዩኝ" አልኳቸው። ሳቁ። ሰኞ እኮ ዝንብ እሽ ስንል ነው የምንውለው! ቅዳሜዬ በሳምንቱ ተባዛ፣ ሳምንቱ በዓመቱ ተባዛ፣ የወጣውን ቁጥር ሳይ የማን ሱቅ ነው ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ ስሜን ፈለግኩ። ከጎኔ ያለው ቡቲክ አንድ ጂንስ ሸጦ የሚያገኘውን እኔ ብዙ ራስ ቆርጬ ነው የማገኘው፣ እሱ ግን ያን ቀን መዝጊያውን ግማሽ አውርዶ ስለነበር ከእኔ ያነሰ ተገመተ። (ጓደኛዬ ነው፣ አልቀናሁበትም። ትንሽ ቀንቻለሁ።)

ያን ሐምሌ የተበሳጨሁት እኔ ብቻ አልነበርኩም። እነ አምቦና ወሊሶ ሱቅ ዘግተው እንደነበር የሚረሳ ነጋዴ የለም። እኔ ቅሬታ አስገባሁ። ቅሬታ የሚቀርበው ውሳኔው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ነው፣ ካለፈህ አለቀ። ከዚያ አልፈህ ግብር ይግባኝ ኮሚሽን ልሂድ ካልክ ደግሞ ከሚያከራክርህ ግብር ግማሹን ታስይዛለህ፤ የሌለህን ብር አመጣህ ተብለህ ልትከራከር የሌለህን ብር ማስያዝ ማለት ነው። እኔ እዚያ አልደረስኩም። ኮሚቴው ተሰብስቦ ቀነሰልኝ። ደስ አለኝ፣ ግን ስንት ራስ ብለው እንደቀነሱ ስጠይቅ መልስ የለም። ሲጨምሩም ሲቀንሱም አይነግሩህም። የቀነሱልኝ እውነቱን አይተው ይሁን አዝነውልኝ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፣ እኔ ደግሞ እንዲታዘንልኝ አልሄድኩም። ቁጥሩ ከየት እንደመጣ በአንድ ገጽ ቢጽፉልኝ፣ በቀን ይህን ያህል ሰው፣ በዚህ ዋጋ፣ በዓመት ይህን ያህል ቀን ብለው፣ ብሩ ቢበዛ እንኳ እንዲህ አያንገበግበኝም ነበር። ለግምቱ 1 ኮከብ፣ እሱም ስለቀነሱልኝ ነው።

ባለቤቴ መምህርት ናት፣ እቤት ስናወራ እኔን አትሰማኝም። "አንተ ቢያንስ ትከራከራለህ" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ለእሷ ሐምሌ የሚባል የለም፣ ግብሯ ደሞዟ እጇ ሳይገባ ይቆረጣል። ከ2008 ጀምሮ ከግብር ነፃ የነበረው በወር 600 ብር ብቻ ነበር፣ ከ10,900 በላይ ካለው ብር ላይ ደግሞ 35 በመቶ ይቆረጥ ነበር። በ2008 ያን ያህል ደሞዝ ያለው ሰው ሀብታም ነበር። ከዚያ ብሩ ረከሰ፣ ሰንጠረዡ ግን ባለበት ዘጠኝ ዓመት ቆመ። ኩባንያ እንኳ ከትርፉ የሚከፍለው 30 በመቶ ነው። በ2017 ክረምት አዋጁ ተሻሽሎ ነፃው 2,000 ብር ሆነ፣ 35 በመቶው የሚቆረጠው ከ14,000 በላይ ካለው ብር ላይ ሆነ። ይሁን፣ መሻሻል ነው። 2,000 ብር ስንት ኪሎ ጤፍ እንደሚገዛ ግን ወፍጮ ቤት የሚሄድ ይንገራችሁ።

ቫቱንም እንዳትረሱት። ምላጭ ስገዛ፣ ሳሙና ስገዛ 15 በመቶ እከፍላለሁ፣ የቫት ተመዝጋቢ ስላልሆንኩ የከፈልኩትን የማቀናንስበት ነገር የለም። ወንበሬ ላይ የሚቀመጠው ሊስትሮም ሳሙና ሲገዛ ያችኑ 15 በመቶ ነው የሚከፍለው፣ ባለ ፎቁም ያችኑ።

እቃውስ? ማለቴ በከፈልነው ምን አገኘን? ውሃ በፈረቃ ነው፣ ፀጉር የሚያጥብ ሰው ፈረቃ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፣ ጓሮዬ በጀሪካን ተሞልቷል። ግብሩን ከፍለህ ወር ሳይሞላ ደግሞ ደረሰኝ የያዙ ልጆች ለመዋጮ ይመጣሉ፣ እሱ እውነቱን ለመናገር ያናድደኛል፣ ግብሩ ለምን ነበር ታዲያ? ልጄ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው የሚማረው፣ ቁርስና ምሳውን እዚያው ይበላል፣ ከተማው ነው የሚያበላው። ጠዋት ምሳ ዕቃ መቋጠር ቀርቷል። አንድ ቀን ሊወስደው የሄደ ሰው ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ተሰልፈው ሲገቡ ካየ፣ ከግብሩ ውስጥ ይቺኛዋ አትቆጨውም። እኔን አትቆጨኝም። ለእቃው 3 ኮከብ ልስጥ፣ ሁለቱ የምሳው ናቸው።

አሁን ደግሞ ሐ የሚባለው ደረጃ ቀርቷል። በአዲሱ አዋጅ ሽያጩ ከ2 ሚሊዮን ብር በታች የሆነ ግለሰብ ነጋዴ ደረጃ ለ ሆኗል፣ ግብሩም ከዓመታዊ ሽያጩ ላይ ይታሰባል። እንግዲህ ሁሉም ነገር ያቺ የሽያጭ ቁጥር ላይ ወደቀ ማለት ነው። ቁጥሯን ማን ይጽፋታል? የቅዳሜው ገማች ከሆነ ተመልሰን እዚያው ነን።

ለመጪው ሐምሌ ለምትሄዱ፦ የመጀመሪያው ሳምንት ሂዱ፣ ከ25 በኋላ ሰልፉ የድሮው ነው። ያለፈውን ዓመት ደረሰኝ ያዙ፣ እኔን አንዴ "አልከፈልክም" ብለውኝ ያዳነኝ እሱ ነው። የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥራችሁን በስልካችሁ ጻፉት። ግምቱ ካልተዋጠላችሁ እዚያው ተጨቃጭቃችሁ አትመለሱ፣ በጽሑፍ አስገቡና የገባበትን ቀን አስፈርሙ።

እኔ ደብተር ገዝቼ ከመስታወቱ ሥር አስቀምጫለሁ። ቀን፣ ስንት ራስ፣ ስንት ብር። ደንበኞች መጀመሪያ ዱቤ የምጽፍ መስሏቸው ነበር፣ አሁን ሲወጡ "ጻፍከኝ?" ይሉኛል። ቅዳሜ 23 ራስ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው፣ 10 ሰዓት ሆኗል፣ እስካሁን 4።