ለረጅም መንገድ የሞተር እጅ ማሳረፊያና የነዳጅ መስጫ መያዣ፦ በሐዋሳ–ባቱ መንገድ የሞከርኳቸው

ከሐዋሳ ባቱ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ቀላል ነው። በ125 ሲሲ ሞተር፣ ከኋላ የፓምፕ መለዋወጫና የመፍቻ ሳጥን ታስሮ ሲኬድ ግን ገና ቡልቡላ ሳይደረስ ቀኝ እጅ ይደነዝዛል። መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ቀጥሎ የቀለበት ጣት፣ ከዚያ መዳፍ። ሥራዬ የመስኖ ፓምፕ ጥገና ነው። ባቱ ደርሼ ብሎን የምፈታው በዚሁ እጅ ስለሆነ ነገሩ ለእኔ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

እጅ የሚደክመው ለምን እንደሆነ ግልጽ ነው። የሞተር ነዳጅ መስጫ በሞላ ኃይል ይመለሳል። እጀታውን ስንለቀው ይዘጋል፣ መዝጋትም አለበት። ስለዚህ አንድ ፍጥነት ይዞ መሄድ ማለት መንገዱን ሙሉ ሞላውን ታግሎ መያዝ ማለት ነው። የሞተሩ ንዝረት ይጨመርበታል። እጅ ሲደክም ደግሞ ሰው እጀታውን ጨምድዶ ይይዛል፣ ያኔ ድንዛዜው ይብሳል።

ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ግን የነዳጅ ገመዱን አስመርምሩ። ይህን የምለው አጥብቄ ነው። አቧራ የጠጣና የደረቀ ገመድ እጀታውን በእጥፍ ያከብደዋል። መናኸሪያ አካባቢ ያለ ደንበኛዬ መካኒክ የሚሠራበት ዘዴ በጣም ደስ ይለኛል። ገመዱን ከላይ በኩል ይፈታል። የፌስታል ጥግ ቆርጦ የገመዱን ጫፍ ያስገባበትና በክር ጥብቅ አድርጎ ያስረዋል። ከዚያ ቀጭን ዘይት ፌስታሉ ውስጥ ጠብ ጠብ ያደርጋል። ዘይቱ በገመዱ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። መጀመሪያ ከታች የሚወጣው ጥቁር ነው፣ ንጹሕ መንጠብ ሲጀምር ሥራው አለቀ። መልሶ ሲያስር እጀታው ነዳጅ ከመጨመሩ በፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ባዶ እንዲዞር ይተውለታል። ከዚያ ሞተሩን አስነስቶ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጫፍ ያዞረዋል። ድምፁ ከፍ ካለ ገመዱ ተወጥሯል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ምንም መግዛት የማያስፈልገው ሰው ብዙ ነው።

ለእኔ ይህ ብቻውን አልበቃኝም። አሁን ሞተሬ ላይ ያለው ክራምፕ በስተር የሚባለው የፕላስቲክ መዳፍ ማሳረፊያ ነው። እጀታው ላይ ተጠቅልሎ ይገባል፣ ብሎንም መፍቻም አይፈልግም። ጠፍጣፋው ምላስ መዳፍ ሥር ይቀመጣል። እጀታውን በጣት ጨብጦ ከመያዝ ይልቅ በመዳፍ ጫን ማድረግ ብቻ ይበቃል። ጣቶች ነጻ ይሆናሉ፣ ሁለቱን ፍሬኑ ላይ አሳርፎ መሄድም ይቻላል። ዋጋው ጥቂት ዶላር ነው፣ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይመጣል። ከሁሉም በላይ የምወድለት መዳፍ ሲነሳ ነዳጁ ወዲያው መዘጋቱን ነው። ሞላው ሥራውን አይተውም።

ጉድለት የለውም ማለቴ አይደለም። ዝናብ ሲመታው ይንሸራተታል። እጀታው ላይ መጀመሪያ ከአሮጌ ከመነዳሪ የተቆረጠ ቀጭን ጎማ ጠቅልሎ እሱን ከላይ ማስገባት ያስተካክለዋል። ሌላው ብርቱ ጉዳይ አቀማመጡ ነው። በምትሄዱበት ፍጥነት ላይ ከመዳፍ ጋር እኩል እንዲሆን አድርጋችሁ አስተካክሉት። ከዚያ በላይ ቀና ካለ ብሬከር ስትወጡ ወይም ጠባብ ቦታ ስትዞሩ መዳፍ ሳይታወቅ ይጫነውና ሞተሩ ይፈናጠራል። ሻሸመኔ ውስጥ በባጃጅና በጋሪ መሃል ስሄድ ወደ ፊት ገፋ አደርገዋለሁ፣ ከከተማ ስወጣ እመልሰዋለሁ።

ነዳጅ መስጫው ባለበት እንዲቆም እጀታውንና የመሪውን ጫፍ የሚያጣብቅ የጎማ ቀለበት የሚያስገቡ ልጆችም አሉ። ነጻ ነው፣ ይይዛልም። ግን ማላቀቂያ የለውም። እጅ ቢነሳ፣ ሰው ቢወድቅ እንኳ ነዳጁ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ለማንም አልመክረውም።

እዚሁ ከተማ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት ርካሽ የብረት መያዣም ነበር። ምላጭ የመሰለ ጠርዙ የእጀታውን ጎማ ይልጠዋል። ላላ ሲል ጨርሶ አይዝም፣ ብሎኑን ሲያጠብቁት ደግሞ እንቅ አድርጎ ይይዝና በእጅ ኃይል አይመለስም። ግቢ ውስጥ ሞክሬው ዕለቱኑ መለስኩት። ባለሱቁ ብሬን ለመመለስ ብዙ አስለመነኝ።

እውነተኛውን መያዣ የሞከርኩት የጓደኛዬ ሆንዳ 500 ላይ ነው። አትላስ ይባላል። ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ብረት ሲሆን በእጀታውና በማብሪያ ማጥፊያው ቤት መካከል ይገባል። ሁለት ቁልፎች አሉት። አንዱን በአውራ ጣት ሲጫኑት ነዳጅ መስጫው ባለበት ይቆማል፣ ሌላው ይለቀዋል። ተይዞ እያለም እጀታውን በእጅ ማዞር ይቻላል፣ ባዞሩት ቦታ ይቆማል። በአሠራሩ ተደንቄያለሁ። ከቡልቡላ በኋላ መንገዱ ሲገለጥ ያዝኩት፣ እጄን አውርጄ አፍታታሁ፣ ደም ሲመለስ ተሰማኝ።

ነገር ግን የሚይዘው ነዳጁን እንጂ ፍጥነቱን አይደለም። የዘመናዊ መኪና ክሩዝ ኮንትሮል ዳገት ሲመጣ ራሱ ይጨምራል፣ ቁልቁለት ሲመጣ ይቀንሳል። ይህ አያውቅም። ከአርሲ ነገሌ ወደ ላንጋኖ መንገዱ 400 ሜትር ገደማ ይወርዳል። እዚያ ይዛችሁት ብትሄዱ ሞተሩ ሳታስቡት ይፈጥናል። ሐይቆቹ አጠገብ ነፋስ ከፊት ሲገጥም ደግሞ ይጎተታል። አዳሚ ቱሉ ስትደርሱ ፍየልና አህያ አለ፣ አህያ ደግሞ ጥሩምባ አይሰማም። በእኛ መንገድ ይህን መሣሪያ ለአጭር ጊዜ፣ ሜዳና ገላጣ ቦታ ላይ፣ እጅ ለማሳረፍ ብቻ እንጂ ለሰዓታት አልጠቀምበትም። ወደ ዲላ በሚወስደው ዳገትና ጥምዝ ላይማ ጨርሶ አያስፈልግም።

ካኦኮ የሚባለው የደቡብ አፍሪካ ሥሪት የሚታሰረው የመሪው ጫፍ ላይ ነው። ጠንካራ ነው፣ ግን ለማጥበቅም ለማላላትም እጅን ወደ ጫፉ መላክ ይጠይቃል። ድንገት ከብት ሲገባ በአውራ ጣት የሚለቀቀው ይሻለኛል።

ስለዚህ ምርጫዬ ይህ ነው። ትንሽ ሞተር ይዞ በየቀኑ በገጠርና በከተማ መሃል ለሚመላለስ ሰው የፕላስቲኩ ማሳረፊያ ከበቂ በላይ ነው። አትላስ ከመቶ ዶላር በላይ ነው። ትልቅ ሞተር ይዞ ሐዋሳ–አዲስ አበባ ለሚመላለስ ሰው ግን ገንዘቡ ያዋጣዋል።

የቱንም መያዣ ብትገጥሙ ግቢ ውስጥ ፈትኑት። ሞተሩን በማቆሚያው አቁማችሁ፣ ማርሽ ባዶ አድርጋችሁ አስነሱት፣ ነዳጅ ጨምራችሁ ያዙት፣ ከዚያ መልቀቂያውን ሳትነኩ እጀታውን በእጅ ዝጉት። ሳያስቸግር ካልተዘጋ አትውጡበት። አትላስን የምታዝዙ ከሆነ ደግሞ የላይኛውና የታችኛው የሚባሉ ሁለት ዓይነት አሉት፣ የሚገጥመው እንደ ሞተሩ ይለያያል። ለሚያመጣላችሁ ሰው የሞተራችሁን ሞዴልና የተሠራበትን ዓመት ጽፋችሁ፣ የእጀታውንም ፎቶ አንስታችሁ ላኩለት።