ለእራት የገዛነው መሶብ

ልጆቻችን እራታቸውን በየሰሃናቸው ይዘው፣ አንዱ ቴሌቪዥን ፊት፣ ሌላው መኝታ ክፍል መብላት በመልመዳቸው ነበር ከመርካቶ ባለ ክዳን መሶብ ለመግዛት የወሰንነው። በቀይና በአረንጓዴ አለላ ያጌጠው ይህ መሶብ ስፌቱ እጅግ ጥብቅ ከመሆኑ የተነሳ ጣት ሲያሳርፉበት አንድም የላላ ዙር አይገኝበትም፤ ስድስት ሰው በዱካ ላይ ተቀምጦ ሳይጣበብ ይበላበታል። ጉድለቱ መቆሚያው ነው፤ በሊሾ ወለል ላይ ስለሚወዛወዝ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ለማንጠፍ ተገደናል። ውኃ ውስጥ ስለማይነከርም ምግቡን በትሪ እናቀርባለን።

ዋጋውን ግን በገንዘብ ብቻ ልመዝነው አልችልም። ከአንድ እንጀራ መቁረስ መጠባበቅን ስለሚጠይቅ፣ አሁን እጁን ሳይታጠብ የሚቀርብ፣ አያቱ ሳይቆርሱ የሚጀምር ልጅ የለም። ትንሿ ልጄ ጣቶቿ ሽሮ በሽሮ ሆነው አያቷን ስታጎርስ፣ ትምህርት ቤት ያጋጠማትን ሁሉ ሳትጠየቅ ትናገራለች፤ በየሰሃናችን በምንበላበት ጊዜ ይህን ወሬ የምንሰማው በስንት ውትወታ ነበር። እናቴም ከሁሉ በላይ የተደሰቱት በዚህ ነው። ለመግዛት የምታስቡ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት መሶቡን ደልዳላ ወለል ላይ አቁማችሁ ሞክሩት።