ደጋኔ አውሮራ፣ ማሰሪያው ከሰኞ ገበያ

እናቴ ፎቶውን ስልኬ ላይ አየችና «ደጋን ገዛሁ ነው የምትለኝ? ጥጥ ልትነድፍበት ነው?» አለችኝ። ቡና ሊጠጡ የመጡት ጎረቤቶች ሁሉ ሳቁብኝ። እውነቷን ነው። እሷ የምታውቀው ደጋን ጥጥ የሚነደፍበትን ነው። የኔው ደግሞ ሁለቱም ጫፉ ላይ መዘውር አለው። ገመዱ ወዲህና ወዲያ ይመላለሳል። ከሩቅ ሲያዩት ገጭቶ የተጣመመ ሳይክል ይመስላል።

ደጋኑ እዚህ የለም። ኮሎራዶ፣ አውሮራ፣ ቁም ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጧል። አገራችን ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። ይዤው ልምጣ ብል ኤርፖርት ላይ የሚጠብቀኝን ጣጣ አስቡት። ይዤ የመጣሁት መዳፍ የማትሞላ አንዲት ዕቃ ብቻ ነው፤ የደጋኑን ገመድ ይዛ የምትለቀውን መልቀቂያዋን። ማሰሪያዋ ተበጥሶ ነበርና ደሴ ላይ አዲስ አሠራሁላት። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ማሰሪያ ነው። ግን መጀመሪያ ገንዘቤ የት የት እንደገባ ልንገራችሁ። ውጭ ያላችሁና አደን ልትሞክሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ይጠቅማችኋል።

ባለ መዘውሩን ደጋን፣ ኮምፓውንድ የሚሉትን፣ የፈለሰፈው ሆሊስ ዊልበር አለን የሚባል የሚዙሪ ሰው ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ብልሃቱ መዘውሩ ላይ ነው። መሳብ ስትጀምር ይከብዳል፤ ወደ መጨረሻው ስትደርስ ግን ይለቅልሃል። የኔው 60 ፓውንድ ነው፣ 27 ኪሎ ገደማ። ጥግ ድረስ ስስበው ሰማንያ በመቶው ይቀንስና እጄ ላይ የሚቀረው 12 ፓውንድ ነው። አምስት ኪሎ ተኩል ስኳር መያዝ ማለት ነው። እስክትረጋጋ ድረስ ስበህ መቆየት የምትችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ችግሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደጋኑ ራቁቱን ነው የሚሸጠው። ማነጣጠሪያው ለብቻ፣ የቀስት ማረፊያው ለብቻ፣ የቀስቶቹ ሰገባ ለብቻ። የገዛሁበት ሱቅ ሻጭ ፊቴን አይቶ ጀማሪ መሆኔን አወቀ መሰለኝ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ጫነልኝ። እኔም እንደ ሙሽራ ዘመድ ዝም ብዬ ከፈልኩ።

ማነጣጠሪያው አምስት መርፌ ነበረው። እያንዳንዷ መርፌ ለአንድ ርቀት ናት፤ 20፣ 30፣ 40፣ 50፣ 60 ያርድ። ጫፋቸው ላይ ብርሃን የሚሰበስብ ባለ ቀለም ፋይበር አለ። ሱቅ ውስጥ ሲያዩት ያምራል። ጫካ ገብተህ አጋዘን ፊትህ ቆሞ፣ ልብህ ድው ድው ሲል ግን ሌላ ነው። አረንጓዴዋ የስንት ነበረች? ቢጫዋስ? እኔ ከ40 ያርድ በላይ፣ ማለትም ከ37 ሜትር ገደማ በላይ፣ ተማምኜ አልለቅም። ስለዚህ ሁለቱ መርፌዎች ለጌጥ ነበሩ። በኋላ ባለ ሦስት መርፌ ገዛሁና ተገላገልኩ። ሻጩ ማነጣጠሪያው ላይ የምትበራ ባለ ባትሪ መብራትም ሸጦልኝ ነበር። ኮሎራዶ ውስጥ ለአደን ደጋን ላይ ባለ ባትሪ መብራት ማሰር እንደማይፈቀድ ያወቅኩት ቤት ገብቼ የአደን ደንቡን ሳነብ ነው። እሷም አሁን የልጄ መጫወቻ ሆናለች።

የቀስት ማረፊያ ሁለት ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። አንደኛው ስትለቅ ወደ ታች ዝቅ ብሎ ለቀስቱ መንገድ የሚሰጥ ነው። ረቂቅ ነው፣ ውድ ነው፣ በደንብ ካልተስተካከለም ያበሳጫል። ሁለተኛው ዙሪያውን ቡርሽ የሆነ ቀለበት ነው፤ ቀስቱ መሃሉ ላይ ይቀመጣል። ስሙን ዊስከር ቢስኬት ይሉታል። ብስኩት ለምን እንዳሉት ብጠይቅ ፈገግ ከማለት በቀር የመለሰልኝ የለም። ቡርሹ የቀስቱን ጭራ ላባ ይነካካል፣ ጥቂት ፍጥነትም ይቀንሳል። ግን ገደል ብትወጣ፣ ብትሮጥ፣ ብትወድቅ ቀስቱ ከቦታው አይወጣም። ለጀማሪ ብስኩቱን ውሰዱ ነው የምለው።

ገመዱ ላይ የምትታሰር፣ ዓይንህን የምታሳልፍባት ቀለበት አለች። ፒፕ ይሏታል። የምትፈጀው ትንሽ ገንዘብ ነው፤ ስፋቷ ግን ወሳኝ ነው። ጠባቧን ገዝቼ ጎህ ሲቀድ ምንም አላይባትም ነበር። ሩብ ኢንች ስፋት ያላትን ሳስገባ ዓይኔ የበራ መሰለኝ። ከፊት የምትወጣዋን የሚዛን ዱላ በተመለከተ ግን የመጀመሪያውን ዓመት ያለሷ ብታሳልፉ አትጎዱም።

አሁን ወደ መልቀቂያዋ። መልቀቂያ ማለት አንጓህ ላይ የምትታሰር፣ ጫፏ ላይ መንጠቆ ያላት ትንሽ ዕቃ ናት። መንጠቆው ገመዱ ላይ ያለችውን ሌላ ትንሽ ቀለበት ይይዛል። ትስባለህ፣ ታነጣጥራለህ፣ በሌባ ጣትህ ምላጯን ትነካለህ፣ ይለቃል። ከዚህ ሁሉ ዕቃ መሃል ሰውነትህ ላይ የምትታሰረው እሷ ብቻ ናት። ሃያ ሰባቱ ኪሎ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። እኔ ግን የቆጠብኩት እዚህ ላይ ነው! ለመብራቱና ለዱላው ከፍዬ ስጨርስ ርካሿን መልቀቂያ ወሰድኩ። ማሰሪያዋ ቬልክሮ ነው፣ ያ ተለጣፊው።

አምና አንድ ጠዋት፣ ጫካው ጸጥ ብሎ፣ አጋዘኑ 25 ያርድ ላይ ሣር እየጋጠ ነበር። ማሰሪያው ላላብኝና ላጠብቀው ፈታሁት። ቸርርርር! አጋዘኑ ዞር ብሎ አላየኝም እንኳ። ሄደ። በዚያው ወር ስፌቱ ከዘለበቱ ሥር ተተረተረ።

ዘንድሮ ለእረፍት ደሴ ስመጣ ሻንጣዬ ውስጥ ከተትኳት። ታናሽ ወንድሜ ሰኞ ገበያ ጋር ቆዳ የሚሰፉ አንድ ሽማግሌ አሉ ብሎ ወሰደኝ። ሐምሌ ነው፤ የጦሳ ተራራ ጉሙን ለብሷል፤ መንገዱ ጭቃ ነው። ሱቋ ሁለት ሰው አትይዝም። ግድግዳው ላይ ዝናር፣ ቀበቶ፣ የሽጉጥ አፎት ተንጠልጥሏል። ዕቃዋን ተቀብለው ገለባበጧት።

«ይቺ ምንድን ናት ልጄ?»

«ለቀስት መሳቢያ ናት ጋሼ።»

«ቀስት? አሜሪካ ጠመንጃ ጠፋ እንዴ?»

የደጋኑን ፎቶ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ አዩት። ማነጣጠሪያውን፣ ማረፊያውን፣ መልቀቂያውን እየጠቆምኩ ሥራቸውን ነገርኳቸው። «ይኸ ያነጣጥራል፣ ይኸ ይደግፋል፣ ይቺ ትለቃለች። አንተ ምን ቀረህ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። አንጓዬን በክር ለኩ፤ አንዴ በባዶው፣ አንዴ በጃኬት ላይ። ጃኬቱን ሳልነግራቸው ራሳቸው ናቸው ያሰቡት። ለላይኛው የበሬ ቆዳ፣ ለውስጡ ለስለስ ያለ የፍየል ሌጦ መረጡ። ክሩን ሰም ቀቡት። እያንዳንዱን ቀዳዳ በወስፌ ከበሱ በኋላ በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ ሰፉት። ዘለበቱን ከአሮጌ ዝናር ፈቱልኝ። «ይኸ አዲስ አይገኝም፤ የድሮ ብረት ነው» አሉ። በማግስቱ እንድመጣ ቀጠሩኝ። የደረሰው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ይህን ነቀፌታ መጻፍ አለብኝ። ስደውልላቸው ሁሉ መልሳቸው «አብሽር» ብቻ ነበር።

ሊያስረክቡኝ ሲሉ ስንት ኪሎ መቻል እንዳለበት ጠየቁኝ። ሃያ ሰባት አልኳቸው። ከጎረቤት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ መጣ። ጀሪካኑ ራሱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። መዶሻቸውን ደግሞ እጀታው ላይ አሰሩበት። ገመድ አበጁለትና መልቀቂያዋን እጄ ላይ አስረው «በል አንሣ» አሉኝ። አንድ ስንዝር ያህል ከመሬት አነሣሁት። ጎንበስ ብለው ስፌቱን አዩ። አንዲት ክር አልተላወሰችም። እኔ ደስ ሲለኝ ሳላስበው ምላጯን ነካሁ። ጀሪካኑ ዷ ብሎ ወደቀ፤ ክዳኑ ተፈናጥሮ ወንድሜ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆነ። ሽማግሌው «መልቀቂያዋም ትሠራለች» አሉ።

የከፈልኩት 900 ብር ነው። ሌላ መቶ ጨመርኩ፤ በስንት ልመና ነው የተቀበሉኝ።

ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ጠዋት ጠዋት ግቢ ውስጥ ያንኑ ዓይነት ጀሪካን፣ ግማሽ ውሃ አድርጌ፣ እያነሣሁ እለማመዳለሁ። ደጋን ያለ ቀስት ስቦ መልቀቅ ክልክል ነው። ኃይሉ የሚሄድበት አጥቶ ደጋኑን ራሱን ሊሰብረው ይችላል። ጀሪካን ግን ቢለቁት ይወድቃል እንጂ አይሰበርም። ማሰሪያው በየቀኑ የሚጠብቀው እኩል ነው፤ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ዘለበቱ ገባ፣ አለቀ። ቬልክሮው ግን አንዴ ይጠብቅ፣ አንዴ ይላላ ነበር። ለካ ጣቴ ምላጯን አንዳንዴ የሚስታት ለዚህ ኖሯል። ድምፅም የለውም።

እንከን አለው። ቀለሙ ላብ ሲነካው ይለቃል፤ አንጓዬ ዙሪያውን ቡኒ ሆኗል። እናቴ ሂና መስሏት ማን እንዳሰረልኝ ጠየቀችኝ። ደግሞም ቆዳው ገና ደረቅ ነው። ሽማግሌው ቅቤ ቀባው አሉኝ፤ ለጋ እንዳይሆን፣ የቆየ። ግን ቅቤ የሚሸት አዳኝ አጋዘን ፊት ምን ሊሆን ነው? ትንሽ ሰም ብቻ ቀባሁት።

የኮሎራዶ የቀስት አደን የሚከፈተው ነሐሴ 27 ነው፤ የሚዘጋው መስከረም 20። እንቁጣጣሽም መስቀልም መሃሉ ላይ ይወድቃሉ። ባለቤቴ ከአሁኑ ማኩረፍ ጀምራለች። እውነተኛው ፈተና ያኔ ነው። ወንድሜ ግን እስከዚያ አልጠበቀም። ትናንት ለሞተር ሳይክሉ የዕቃ ማሰሪያ እንዲሰፉለት ሽማግሌው ዘንድ ሄዶ ነበር። በማግስቱ ና ብለውታል።