የአቶም መስሪያ ኪት ይገዛል ወይ ለምትሉኝ ወላጆች

ቤት ለቤት ኬሚስትሪ አስጠናለሁ፣ ባብዛኛው 9ኛ ክፍል ልጆችን ነው፣ እና ይሄን የትምህርት መርጃ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን የአቶም ሞዴል ኪት እንግዛው ወይ ብላችሁ ስለምትጠይቁኝ ያየሁትን ልንገራችሁ። ባጭሩ ግዙት። ግን እንዳለ አትጠቀሙበት።

ካርቶኑ ውስጥ አራት ክብ መስመር ያለው የፕላስቲክ ሰሌዳ አለ፣ መሀሉ ላይ ለኒውክለስ (ፕሮቶንና ኒውትሮን ለሚቀመጡበት የአቶሙ እምብርት) የሚሆን ጎድጎድ ያለ ቦታ አለው፣ ከዛ 20 ቀይ፣ 20 ሰማያዊ፣ 20 ቢጫ ኳስ ይመጣል፣ ቀዩ ፕሮቶን ሰማያዊው ኒውትሮን ቢጫው ኤሌክትሮን ነው። ሰሌዳው ጠንካራ ነው ቀለሙም አይለቅም፣ ኳሶቹ ግን ጠረጴዛው ትንሽ ከተነካ ወጥተው ሶፋ ስር ይገባሉ ስለዚ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ብትሰሩ ይሻላል።

በጣም የወደድኩለት ልጆች ሸምድደው የመጡትን ነገር በእጃቸው ሲያገኙት ነው። የሶዲየም ኤሌክትሮኖች በየመስመሩ 2፣ 8፣ 1 ናቸው ብለው ይነግሯችኋል፣ ሶዲየም ለምን አንድ ኤሌክትሮን ይሰጣል ስትሏቸው ግን ዝም። ሲሰሩት ግን 11ኛዋ ቢጫ ኳስ ሦስተኛው መስመር ላይ ብቻዋን ቁጭ ትላለች፣ ክሎሪን ሲሰሩ ደሞ እዛው መስመር ላይ 7 ገብቶ አንድ ጉድጓድ ባዶ ይቀራል፣ የሶዲየሟ ብቸኛ ኳስ እዛ ትገባለች ማለት ነው፣ ከዛ በኋላ ጨው እንዴት እንደሚሰራ እኔ መናገር አይጠበቅብኝም ራሳቸው ይሉታል። አንድ ኪት ሁለቱን ባንዴ አይችልም፣ 11 እና 17 ሲደመር 28 ነው፣ ስለዚ አንዱን ወረቀት ላይ ያስሉት። ካርበንም አሪፍ ነው፣ 6 ቀይ 6 ሰማያዊ አድርገው ሁለት ሰማያዊ ሲጨምሩ ካርበን 14 ይሆናል (14 የቀዩና የሰማያዊው ድምር ነው) ስሙ ግን ያው ካርበን ነው፣ አንድ ቀይ ሲጨምሩ ግን በቃ ናይትሮጅን ሆነ። ፕሮቶን ማለት የአቶሙ መታወቂያ እንደሆነ የሚገባቸው እዚች ጋር ነው።

አሁን ቅር ያለኝ። ሦስቱም ኳሶች እኩል ናቸው! ልጁ ኤሌክትሮን የፕሮቶንን ያክላል ብሎ ነው የሚያድገው፣ ፕሮቶን እኮ ከኤሌክትሮን 1836 ጊዜ ገደማ ይከብዳል። እኔ ቢጫዎቹን ትቼ ከጓዳ ባቄላና ጤፍ ነው የማስመጣው፣ አንድ ባቄላ ከአንዲት ፍሬ ጤፍ ጋር ስታነፃፅሩት በግምት ወደዚሁ ቁጥር ይጠጋል፣ እና ልጁ ጤፏን በጣቱ ጫፍ ይዞ ባቄላውን መዳፉ ላይ ሲያደርግ የአቶሙ ክብደት ከሞላ ጎደል በሙሉ ኒውክለሱ ጋር እንደሆነ ያኔ ያምናል። ለኒውትሮን ባቄላውን በእስኪሪብቶ ቀለም ቀቡት፣ ክብደቱ ከፕሮቶን ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል።

ሌላው ርቀቱ ነው። ሰሌዳው ላይ ኤሌክትሮኖቹ ኒውክለሱ አጠገብ ናቸው፣ እውነተኛው አቶም ላይ ግን ኒውክለሱ 2 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ኤሌክትሮኖቹ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ርቀው ነው የሚገኙት፣ ከሰፈር ወጥታችሁ ማለት ነው። የፊዚክስ ሊቁ ራዘርፎርድ እ.ኤ.አ. በ1911 ኒውክለስ አለ ያለው እኮ ስስ ወርቅ ላይ የተተኮሱት የአልፋ ቅንጣቶች (ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ጥቃቅን ቅንጣቶች) አብዛኞቹ ዝም ብለው ስላለፉና በጣም ጥቂቶቹ ወደኋላ ስለተመለሱ ነው፣ ይሄን ሳትነግሩ ሰሌዳውን ብቻ ካሳያችሁ ልጁ አቶም ጥቅጥቅ ያለ ነገር ይመስለዋል። ክብ መስመሮቹም የፊዚክስ ሊቁ ቦር እ.ኤ.አ. በ1913 ያወጣው ሞዴል ናቸው፣ ለ9ኛ ክፍል በቂ ነው፣ ኤሌክትሮን ግን በመስመር እየዞረ እንደማይሄድ ከፍ ላሉት ንገሯቸው። ሦስተኛው መስመር 8 ጉድጓድ ብቻ ነው ያለው፣ እውነተኛው ሼል (የኤሌክትሮኖቹ እርከን) ግን እስከ 18 ይይዛል፣ እስከ ካልሲየም (20 ፕሮቶን ያለው) ለምትሰሩት ችግር የለውም።

እስከ ካልሲየም ይሰራል የሚለው ካርቶኑ ነው፣ አርጎን ላይ ግን ኒውትሮን ያልቅባችኋል! ብዙ የሚገኘው አርጎን 22 ኒውትሮን ነው ያለው፣ ኪቱ የሰጠው 20 ነው፣ ስለዚ ሁለት ቀለም የተቀባ ባቄላ ጨምሩ። ከጨመራችሁ ደሞ ቀጥሎ ያለውን ፖታሲየም አሰሯቸው፣ 19 ቀይ 20 ሰማያዊ፣ ሲቆጥሩት 39 ይመጣል፣ አርጎን ግን 40 ነበር። ቀድሞ ያለው ለምን ከበደ ብለው ይጠይቃሉ፣ ያኔ የኤለመንቶች ሰንጠረዥ (ፔሪዮዲክ ቴብል) በክብደት ሳይሆን በፕሮቶን ብዛት እንደተደረደረ ንገሯቸው።