ዓይንን ከማሸት ልማድ ለመላቀቅ የሚያግዙ ዕቃዎች፦ ኬራቶኮነስ ላለበት ሰው የቀረበ ግምገማ

ኬራቶኮነስ፣ ማለትም የዓይን የፊት ሽፋን እየሳሳ የሚሾጥጥበት በሽታ፣ እንዳለበት የተነገረው ሰው ከዓይን ሐኪም ዘንድ ይዞት የሚወጣው የመጀመሪያ ምክር «ዓይንዎን እንዳያሹ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እንዴት እንደሚፈጸም ካልተነገረ ብዙም አያስኬድም። ዓይን የሚታሸው ስለሚያሳክክ ነው፤ እጅም ወደ ዓይን የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ልብ ሳይለው፣ በተለይም በእንቅልፍ ልቡ እና ከእንቅልፉ በሚነቃበት ሰዓት ነው። በሽታው ያለብኝ ሰው እንደመሆኔ መጠን ይህን ልማድ ለመተው ያገዙኝንም ሆነ ያላገዙኝን ዕቃዎች እዚህ እገመግማለሁ። ፍርዴን ከወዲሁ ለመግለጽ ያህል፣ ማሳከክን አስቀድሞ የሚከላከል የአለርጂ ጠብታ ከሁሉም ይበልጣል፤ ጠንካራው የሌሊት የዓይን መከለያ ይከተለዋል፤ ቀዝቃዛ መሸፈኛ በጥንቃቄ ከተያዘ ይጠቅማል፤ የዓይን ቅላት የሚያጠፉ ጠብታዎች ግን ለዚህ ጉዳይ ሊገዙ አይገባም።

ዕቃዎቹን በትክክል ለመመዘን ማሸት በዓይን ላይ ምን እንደሚያደርግ ማወቅ ያስፈልጋል። ኮርኒያ የሚባለው ጥርት ያለው የዓይን የፊት ሽፋን በጤነኛ ሰው ላይ እንኳ መሐሉ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ብቻ ነው ያለው። በኬራቶኮነስ ጊዜ ይህ ሽፋን እየሳሳ ይሄድና ወደ ፊት ይሾጥጣል፤ ብርሃን በቀጥታ ስለማያልፍበትም ፊደል ጥላ እያበጀ ይነበባል፣ የሌሊት መብራትም ጨረሩ ይበተናል። ዓይን በሚታሽበት ጊዜ በውስጡ ያለው ግፊት ለጊዜው ከፍ ይላል፣ የሳሳው ሽፋን ይተጣጠፋል፣ በእንባ ውስጥም የኮርኒያን አካል የሚያፈራርሱ ኢንዛይሞች ይበዛሉ። ከሁሉም የከፋው በጣት አንጓ እየጫኑ ማሸት ነው። ዳሚየን ጋቲኔል የተባለው ፈረንሳዊ የዓይን ሐኪም ማሸት ከሌለ ኬራቶኮነስም የለም እስከ ማለት ደርሷል፤ የዘር ውርስን ድርሻ አጉልተው የሚያዩ ባለሙያዎች ይህን ሙሉ በሙሉ ባይቀበሉትም፣ ማሸት በሽታውን እንደሚያባብስ ግን ብዙዎቹ ይስማማሉ። ሌላው ሊታወቅ የሚገባው ነገር፣ ማሸት ራሱ የዓይንን ነጭ ክፍልና የቆቡን ውስጠኛ ገጽ በሚሸፍነው ስስ ሽፋን ውስጥ ያሉትን ማስት የተባሉ ሕዋሳት ስለሚያውክ፣ ማሳከክን የሚያመጣውን ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር በተጨማሪ እንዲለቁ ማድረጉ ነው። በማሸት የሚገኘው እፎይታ እውነተኛ ቢሆንም ዕድሜው አጭር ነው፤ ጥቂት ቆይቶ ማሳከኩ ይመለሳል፣ አንዳንዴም ከቀድሞው በርትቶ። እንግዲህ ጥሩ ዕቃ የምለው ይህን አዙሪት የሚሰብረውን ነው።

የአለርጂ ጠብታዎችን በአንደኛ ደረጃ ያስቀመጥኩት በዚህ ምክንያት ነው። ኬቶቲፈንና ኦሎፓታዲን የተባሉት መድኃኒቶች ሁለት ሥራ በአንድ ላይ ይሠራሉ፤ የተለቀቀውን ሂስታሚን ይከላከላሉ፣ ማስት ሕዋሳቱም ሌላ እንዳይለቁ ያረጋጋሉ። የመጀመሪያው ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሰማ ሲሆን፣ የሁለተኛው ጥቅም ግን ጎልቶ የሚታየው በመደበኛነት ለተጠቀመ ሰው ነው። ብዙ ሰዎች ጠብታውን ሲያሳክካቸው ብቻ እያነሱ «አልሠራልኝም» የሚሉት ለዚህ ይመስለኛል። ኬቶቲፈን 0.025 በመቶ ሆኖ በየ8 እስከ 12 ሰዓት ልዩነት በቀን ሁለት ጊዜ ይደረጋል፤ ኦሎፓታዲን 0.1 በመቶ የሆነው በቀን ሁለቴ፣ 0.2 በመቶ የሆነው ደግሞ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለእኔ ኬቶቲፈን ሲገባ ለአፍታ ያህል ያቃጥላል፤ ኦሎፓታዲን ከዚህ ይለሰልሳል። ቀን በሥራ ለሚዋከብና ጠብታ ለሚረሳ ሰው በቀን አንዴ የሚደረገው የተሻለ ምርጫ ነው፤ አለርጂው በወቅት የሚነሳበት ሰውም ማሳከኩ እስኪጀምር ሳይጠብቅ ቀደም ብሎ ቢጀምር ይበጀዋል።

የእነዚህ ጠብታዎች ዋና ጉድለት ብዙዎቹ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የተባለ፣ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማቆያ ያለባቸው መሆኑ ነው። ይህ ንጥረ ነገር ውሎ አድሮ የዓይንን ገጽ ሊያስቆጣ ይችላል፤ ለስላሳ ኮንታክት ሌንስም ይመጠዋል። በመሆኑም ሌንስ የሚያደርግ ሰው ጠብታውን ካደረገ በኋላ ሌንሱን ለማጥለቅ ቢያንስ 10 ደቂቃ መጠበቅ አለበት። ማቆያ የሌለው ዓይነት ከተገኘ ያንን መምረጥ ይሻላል። አጠቃቀሙንም በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓይን በአንድ ጊዜ ከአንድ ጠብታ በላይ አይዝም፤ ሁለትና ሦስት ማንጠባጠብ ጉንጭን ከማርጠብና ብልቃጡን ቶሎ ከመጨረስ ያለፈ ፋይዳ የለውም። ሌላ ጠብታ የሚጨምር ሰውም በመካከሉ 5 ደቂቃ ያህል ይቆይ።

ማቆያ የሌለው ሰው ሠራሽ እንባ አለርጂን በራሱ አያቆምም፤ ነገር ግን አለርጂ ቀስቃሹን አቧራና ብናኝ ያጥባል፣ ድርቀትንም ያስታግሳል። ድርቀት ደግሞ ራሱን የቻለ የማሸት ሰበብ ነው። በአንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ለኪስ ይመቻል። ሆኖም ጫፉ ተጠምዝዞ ሲነቀል አንዳንዴ ስለታም ጠርዝ ይተዋልና ወደ ዓይን ከመቅረቡ በፊት በብርሃን ማየት ያስፈልጋል፤ ጫፉም ዓይንን ወይም ሽፋሽፍትን መንካት የለበትም። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲቀመጥ ጥቅሙ እጥፍ ይሆናል፤ ቀዝቃዛው ጠብታ ዓይን ላይ ሲያርፍ ማሳከኩ ወዲያው ይበርዳል፣ እጅም የሚሄድበትን ምክንያት ያጣል። ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሽ የሆነ ብልሃት ቢኖር ይህ ነው፤ ለምን ብዙ እንደማይነገርለት አይገባኝም።

የሌሊት መከለያው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል፤ ምክንያቱም በእንቅልፍ ልብ የሚደረገውን ማሸት የሚያቆም ሌላ ነገር አላገኘሁም። ይህ ከዓይን ቀዶ ሕክምና በኋላ ለሕሙማን የሚሰጠው ግልጽ፣ ጠንካራና ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት የፕላስቲክ ጎድጓዳ ሽፋን ነው። ጠርዙ የሚያርፈው በቅንድብና በጉንጭ አጥንት ላይ ነው፤ ዓይኑን ራሱን አይነካም። ሌሊት እጅ ሲመጣ የሚያገኘው ፕላስቲኩን ነው፤ የፕላስቲኩ መንኳኳትም አብዛኛውን ጊዜ ያነቃል። በፊቱ ተደፍቶ ወይም በአንድ ጎኑ ትራስ ላይ ተጭኖ ለሚተኛ ሰው ደግሞ የትራሱን ግፊት ከዓይኑ ያርቅለታል፤ በሽታው አንዱ ዓይን ላይ የበረታበት ሰው በየትኛው ጎኑ እንደሚተኛ ልብ ቢል መልካም ነው።

ጉድለቶቹን አልሸሽግም። በፕላስተር የሚለጠፈው ዓይነት ቆዳን ያስቆጣል፤ ጠዋት ሲነሳ የቅንድብ ጸጉር ይነቅላል፤ ላብ ባለበት ሌሊት ደግሞ ከሌሊቱ አጋማሽ በፊት ይወልቃል። በላስቲክ ከጭንቅላት ጋር የሚታሰረው ለቆዳ የተሻለ ቢሆንም፣ ላስቲኩ ከጠበቀ ራስ ያሳምማል፣ ከላላ ደግሞ ይንሸራተትና ጠርዙ ዓይን ላይ ሊመጣ ይችላል። ይህ የመጨረሻው ከባድ ጉድለት ነው፤ ዓይንን ከጫና ለማዳን የተገዛው ዕቃ ራሱ ጫና ይሆናልና። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ጠርዙ በአጥንት ላይ ብቻ ማረፉን፣ ዓይን ሲርገበገብም ሽፋሽፍት ፕላስቲኩን አለመንካቱን ማረጋገጥ ግድ ነው። ለእንቅልፍ የሚሸጠው ለስላሳ የጨርቅ መሸፈኛ የዚህ ምትክ ሊሆን አይችልም፤ ጨርቁ ለእጅ ጫና ምንም አይመክትም፣ አንዳንዱም ዓይኑ ላይ በቀጥታ ይጫናል።

ቀዝቃዛ ጄል ያለበት መሸፈኛ ማሳከክን በማብረድ ረገድ ከጠብታ ያልተናነሰ ፍጥነት አለው። ቅሬታዬ ክብደቱ ላይ ነው። በጥራጥሬ ወይም በወፍራም ጄል የተሞሉት ከባድ ናቸው፤ በጀርባ ሲተኙ ክብደታቸው በሙሉ በዓይን ላይ ያርፋል። ለኬራቶኮነስ የሚሆነው ቀጭኑና በዓይን ቦታ ክፍት ወይም ጎድጓዳ የሆነው ነው። እርሱም በማቀዝቀዣ እንጂ በበረዶ ቤት አይቀመጥም፤ እንደ ድንጋይ የደረቀ ጄል ቆዳን ይጎዳል። በቀዝቃዛ ውኃ ተነክሮ የተጨመቀ ንጹሕ ጨርቅ በተዘጋ ዓይን ላይ ሳይጫኑ ማኖርም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ገንዘቡን ለጠብታው ማዋል የሚፈልግ ሰው መሸፈኛውን ቢተወው ብዙ አይጎድልበትም። ነገር ግን ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ ሌንሱን ያውልቅ፤ የቧንቧ ውኃ ከሌንስ ጋር ሲገናኝ አካንታሚባ የተባለው ረቂቅ ተሕዋሲ ለሚያመጣው አስከፊ የኮርኒያ ኢንፌክሽን መንገድ ሊከፍት ይችላል።

የዓይን ቅላትን ስለሚያጠፉት፣ ናፋዞሊንና ቴትራሃይድሮዞሊን ስላለባቸው ጠብታዎች ብዙ ማለት አያስፈልግም። የደም ሥሮችን አጥብበው ዓይንን ነጭ ያስመስላሉ፤ ሲቋረጡ ቅላቱ በርትቶ ይመለሳል። ብግነትን በብርቱ የሚያጠፋው የስቴሮይድ ጠብታ ጉዳይ ግን ከዚህም የከበደ ነው፤ ማሳከክን በኃይል ስለሚያጠፋ ይወደዳል፣ ያለ ሐኪም ክትትል ከተዘወተረ ግን የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የዓይን ሞራም ያመጣል። ከጓደኛ ተቀብሎ ወይም ከቀድሞ ሕክምና የተረፈውን አንስቶ መጠቀም በምንም ዓይነት ተገቢ አይደለም።

ከዕቃዎቹ ጎን ለጎን ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታወቅና ልማድን ለመተው የሚያገለግል የሥነ ልቡና ዘዴ አለ። ፍሬ ነገሩ ሁለት ነው፦ እጅ መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ቅጽበት ማወቅ፣ ከዚያም ከልማዱ ጋር አብሮ ሊደረግ የማይችል ሌላ ነገር ለጥቂት ጊዜ ማድረግ። ለምሳሌ ጣቶችን ጨብጦ በጭን ላይ ማሳረፍ ወይም የጠብታውን ብልቃጥ መያዝ ይቻላል። እጅ ወደ ፊት ሲነሳ የሚንቀጠቀጡ የእጅ አንባሮችና ሰዓቶች የሚሸጡት በዚሁ ሐሳብ ላይ ተመሥርተው ነው። የሞከርኩት ዓይነት ምግብ በበላሁና ፀጉሬን በነካሁ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ስለነበር፣ ብዙ ሳይቆይ ንዝረቱን ችላ ማለት ለመድኩ፤ ለዚህ ገንዘብ እንዲወጣ አልመክርም። መነጽር ማድረግ፣ ቁጥር የሌለውም ቢሆን፣ ከዚህ የተሻለ አስታዋሽ ሆኖልኛል፤ እጅ መስታወቱን ሲነካ ባለቤቱ ይነቃል፣ ነፋስና አቧራም ይቀንስለታል።

ክሮስሊንኪንግ የተባለውን፣ ራይቦፍላቪን በተባለ ቫይታሚንና በአልትራቫዮሌት ጨረር ኮርኒያን የማጠንከር ሕክምና ያደረገ ሰው እነዚህ ዕቃዎች ከእንግዲህ አያስፈልጉኝም ብሎ ሊያስብ ይችላል። ሕክምናው በሽታው እንዳይገፋ ይረዳል እንጂ አለርጂን አያጠፋም፤ ማሸት ከቀጠለ ከሕክምናው በኋላም በሽታው ሊገፋ ይችላል። እንዲሁም ዓይን በድንገት ታምሞ እይታው ነጭ ጭጋግ ከለበሰ፣ ይህ የኮርኒያው ውስጠኛ ሽፋን ተሰንጥቆ ውኃ መግባቱን ሊያመለክት ስለሚችል ጠብታም ሆነ ቀዝቃዛ ጨርቅ መፍትሔው አይደለም፤ በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ወላጆችን በተለይ ላሳስብ የምፈልገው፣ በሽታው በልጅነትና በጉርምስና ዕድሜ ፈጥኖ የሚገፋ መሆኑን ነው። ዓይኑን አዘውትሮ የሚያሽ ልጅ በቁጣ አይተውም፤ ኬቶቲፈን ከ3 ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የሚፈቀድ ስለሆነ፣ ሐኪም አማክሮ ጠብታውን ጠዋትና ማታ ወላጅ ራሱ ማድረጉና የኮርኒያው ቅርጽ በመሣሪያ እንዲለካ መጠየቅ ከሁሉም የሚቀድም ነው። የሌሊት መከለያውን ለልጅ የሚገዛ ወላጅ የአዋቂውን መጠን እንዳይወስድ ይጠንቀቅ፤ ጠርዙ በትንሽ ፊት ላይ አጥንቱን አልፎ ጉንጭ ላይ ስለሚያርፍ ሌሊቱን ይንሸራተታል።