ለገጣፎ መንገድ ላይ ያለው ባር፣ ባርማኑ እና በርሜል ውስጥ የከረመው ጂን

ከአያት ወደ ለገጣፎ ስትሄዱ የባቡሩን መጨረሻ አልፋችሁ ትንሽ እንደነዳችሁ በግራ በኩል ታች ጎማ የሚሸጥበት ላይ ባር የሆነ ፎቅ አለ። ታፔላ የለውም፣ የሰፈሩ ሰው "ጎማ ቤቱ ላይ" ነው የሚለው። ለሚያልፍ ሰው ተራ ቢራና ጥብስ ቤት ነው የሚመስለው፣ ጥብሱም በነገራችን ላይ አሪፍ ነው፣ እኔ ግን ይሄን የምጽፈው ስለ ባርማኑና ስለ አንድ ጠርሙስ ጂን ነው፣ ምክንያቱም ቦሌ ካሉት ትላልቅ ቦታዎች ጭምር ጂንን እንደዚ አክብሮ የሚያቀርብ ሰው አላየሁም።

ጠርሙሱ ሲታዴል ሪዘርቭ ይባላል፣ የፈረንሳይ ነው። ጂን ሲባል አብዛኞቻችን የምናውቀው ነጩን ነው አይደል፣ ባሮ ጂንም ይሁን ከውጭ የሚገባው፣ በስፕራይት ወይ በቶኒክ አድርገን ሎሚ ጨምቀንበት። ይሄኛው ቀለሙ ፈካ ያለ የገለባ ቀለም ነው ምክንያቱም ከተጣራ በኋላ ለወራት በርሜል ውስጥ ይቀመጣል፣ ደሞ አንድ ዓይነት በርሜል ብቻ አይደለም፣ ኦክ አለ ቼሪ አለ ቼስትነት አለ፣ በጠቅላላው አምስት ዓይነት እንጨት ነው። ድሮ ድሮ ጂን በርሜል ውስጥ የሚሆነው ለማጓጓዣ ነበር፣ ጣዕም ይስጠው ብሎ ያሰበ ብዙም የለም። እነዚህ ሰዎች ግን አስበውበት በ2008 (በፈረንጆቹ) አወጡት፣ ከዛ በኋላ ሌሎችም ብዙ ተከተሉት።

ባርማኑ የነገረኝ ታሪክ ደሞ ከጠጣሁት እኩል ደስ ብሎኛል። ፋብሪካው ዋና ስራው ኮኛክ ነው፣ ከወይን ተጣርቶ በርሜል ውስጥ የሚከርም መጠጥ፣ ኮኛክ ደሞ በህጋቸው እስከ ማርች 31 ድረስ ተጣርቶ ማለቅ አለበት፣ ከዛ በኋላ ያ ሁሉ የመዳብ ማጣሪያ እስከ ቀጣዩ የወይን ለቀማ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ አሌክሳንደር ጋብሪኤል ታዲያ ለምን ስራ ይፈታል ብሎ ጂን ልስራበት አለ፣ ፈቃድ ለማግኘት ዓመታት ፈጀበት፣ በመጨረሻ በ1996 (ይሄም በፈረንጆቹ) ነጩ ሲታዴል ወጣ። ባርማኑ ይሄን ሲያወራ የገዛ ቤተሰቡን ታሪክ የሚያወራ ነው የሚመስለው፣ እጁ እየሰራ አፉ አያቆምም፣ ግን አያሰለችም።

ገና አዲስ ሰው መሆኔን ሲያይ ሜኑ አላመጣልኝም። ከትንሽ ብልቃጥ ሁለት የደረቁ የጥድ ፍሬዎች አውጥቶ በጣቶቹ መሀል ፈጭቶ አፍንጫዬ ስር አደረገው። "ወንድሜ መጀመሪያ ይሄን አሽት፣ ከዛ ነው የምቀዳልህ" አለኝ። ጂንን ጂን የሚያሰኘው ይሄ ፍሬ ነው፣ የአውሮፓ ህግም የጥዱ ጣዕም ጎልቶ ካልወጣና አልኮሉ ቢያንስ 37.5 በመቶ ካልሆነ ጂን ብላችሁ አትሽጡ ነው የሚለው። (የእንጦጦና የመናገሻው የኛ ጥድ ዘመዱ ነው እንጂ ያው አይደለም፣ እንዳትለቅሙ!) ከዛ ሁለት ብርጭቆ ጎን ለጎን አስቀመጠ፣ አንዱ ላይ ነጩን አንዱ ላይ በርሜል የከረመውን፣ ትንሽ ትንሽ ቀዳ። ነጩ ሹል ነው፣ ጥዱና የሎሚ ልጣጩ ቀድሞ አፍንጫ ይይዛል። ሁለተኛው ጥዱ አለ ግን ዙሪያው ለስልሷል፣ ቫኒላ የመሰለ ነገር አለው፣ መጨረሻ ላይ ደረቅ እንጨት እንደማሽተት ያለ ነገር ይተዋል፣ 45.2 በመቶ ሆኖ ጉሮሮ አያቃጥልም። ጠላ ከመጠመቁ በፊት ጋኑ በወይራ ሲታጠን የሚያመጣውን አስቡት አለኝ፣ በቃ ገባኝ።

ስለራሱም ጠየቅኩት። ስራ የጀመረው አንድ ሆቴል ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ ሆኖ ነው፣ ሼከር (መጠጥ መበጥበጫውን) እንኳን መንካት አይፈቀድለትም ነበር፣ ማታ ሁሉም ከሄደ በኋላ ውሃ እየሞላ ይለማመድ ነበር። ዋናው ባርማን አንድ ቀን ሳይመጣ ቀረና ባንኮኒው ጋ አቆሙት፣ የመጀመሪያ ትዕዛዙ ኔግሮኒ የሚባለው ኮክቴል ነበር፣ እስካሁን ያዘዘውን ሰው ሸሚዝ ቀለም ያስታውሳል። ከዛ ዱባይ ሄደ፣ በርሜል የቆየ ጂን የቀመሰው እዛ ነው፣ ሌላው ነገር ሁሉ ከዛች ማታ በኋላ ነው የመጣው ይላል። ሲመለስ ከተማ መሀል የሚቀጥረው አላጣም፣ ግን ሜኑውን ራስህ ጻፍ ያለው ይሄ ቤት ብቻ ነው፣ እሱም ይሄንን ነው የሚፈልገው። አሁን ሁለት ሴት ልጆች ከስሩ እያስተማረ ነው፣ አንዷ በቅርብ ትልቅ ሆቴል ገብታለች። ስለሷ ሲያወራ ከራሱ ዱባይ በላይ ነው የሚኮራው፣ እኔም እንደሱ ዓይነት ሰው ሳይ ሆዴ ይሞቃል፣ እውቀቱን የማይሰስት ባለሙያ ብዙ የለንም እኮ።

ምን ልዘዝ ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ በርሜል የከረመውን ምንም ሳይቀላቀልበት በአንድ ትልቅ አይስ። አይሱን ከትልቅ ብሎክ በቢላ ነው የሚቆርጠው፣ ቶሎ አይቀልጥም። ቀጥሎ ኔግሮኒ፣ ጂን፣ ካምፓሪ (መራራው ቀይ የጣሊያን መጠጥ) እና ጣፋጭ ቬርሙዝ (ቅመም የገባበት ወይን) እኩል እኩል፣ እዛ ላይ እንጨቱ ካምፓሪውን ያለሰልሰዋል፣ በነጩ ጂን ከሚሰራው እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። የራሱ የሆነው ደሞ ጂን፣ የትግራይ ነጭ ማርና ሎሚ፣ ላዩ ላይ ጤና አዳም። ቅጠሉን መዳፉ ላይ አንዴ ጠፍ አድርጎ ነው የሚያስቀምጠው፣ ሽታው ብርጭቆው ሳይደርስ ይደርሳችኋል። በቶኒክ ግን አትዘዙት፣ ቶኒኩ ያንን እንጨት በሙሉ ይሸፍነዋል፣ ለቶኒክ ነጩ ይበቃል።

የማይመቸው ነገርም አለ። ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው ከመጠን በላይ ነው፣ ከባርማኑ ጋ ማውራት ከፈለጋችሁ በስራ ቀን አመሻሹ ላይ ሂዱ። መብራት ጠፍቶ ከቆየ አይሱ ያልቃል፣ ያኔ ኮክቴሉ እንደሌላ ጊዜው አይሆንም፣ እሱ ራሱ ዛሬ አልሰራም ብሎ ይነግራችኋል። ዋጋውም ከነጩ ጂን በጣም ይወደዳል፣ ለኔ ግን አንድ መለኪያ ቀስ ብሎ ለሚጠጣ ሰው ያዋጣል። መኪና ይዛችሁ አትሂዱ፣ ከመሸ ራይድ ለማግኘትም ስለሚያስቸግር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጠርሙሱ ደሞ ሁልጊዜ አይገኝም፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ሲገኝ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ደውላችሁ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።