ሐዋሳ ላይ ካያክ ያላችሁ፣ ጋሼን እወቋቸው

ምስጋና ለሚገባው ይሰጥ። ዛሬ የምናመሰግነው በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በአሞራ ገደል በኩል ጀልባ የሚጠግኑትን፣ እኛ የካያክ (በመቅዘፊያ የምትሄድ ጠባብ ጀልባ) ቀዛፊዎች ጋሼ የምንላቸውን ባለሙያ ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን እዚህ አንለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን። ሥራቸውን ግን ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን። ጀማሪ የሆነ ሰው ደህና ጥገናን ከይድረስ ይድረስ ጥገና መለየት ካልቻለ ጥቆማው ብቻ አይጠቅመውም።

የፋይበር ግላስ ካያክ ስትወስዱላቸው መጀመሪያ የሚያነሱት ሳንቲም ነው። ከስንጥቁ ጀምረው ዙሪያውን ቀስ እያሉ ኳ ኳ ያደርጉታል። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ ውስጥ ለውስጥ የተላቀቀው ግን ድምፁ የታፈነ ነው። ድምፁ የተለወጠበትን ሁሉ በእርሳስ ያከቡታል። ላይ የሚታየው ስንጥቅ የጣት ርዝመት ሆኖ የእርሳሱ ክብ መዳፍ የሚያክልበት ጊዜ አለ። የሚታየው ብቻ የተለጠፈለት ካያክ ብዙ ሳይቆይ ከልጥፉ ጠርዝ የሚሰነጠቀው ለዚህ ነው።

ከዚያ ማድረቅ ይመጣል፤ ባለቤቱን የሚያሰለቸውም ይሄ ነው። ውሃ የጠጣ ፋይበር ላይ የተቀባ ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ፈሳሽ ማጣበቂያ) ስለማይዝ ውሎ አድሮ እንደ ቆዳ ይላጣል። ስለዚህ ጋሼ ካያኩን ጥላና ነፋስ ባለበት ለቀናት ያቆዩታል፤ ብትነዘንዟቸውም ንቅንቅ አይሉም። ሲደርቅ የተላቀቀውን ፍቀው ያነሱና ከጠርዙ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር አልፈው በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይፍቁታል። የሚያብረቀርቅ ነጥብ እስካለ ድረስ አያቆሙም፣ ሬዚን የሚይዘው ሻካራ ነገር ላይ ነውና። በንጹህ ጨርቅና በአሴቶን ከጠረጉት በኋላ ማንም በእጁ እንዲነካው አይፈቅዱም፤ የእጅ ቅባት ብቻውን ሥራውን ያበላሻል።

ሬዚኑን በሚዛን ነው የሚለኩት። በክዳን እየገመቱ የሚያፈሱ ብዙ ስለሆኑ ይህን ደጋግመን ብንናገር አይበዛም። ፖሊስተር ለሚባለው የሬዚን ዓይነት ሃርድነሩ (ሬዚኑን የሚያጠነክረው ፈሳሽ) ከሬዚኑ ክብደት ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው፤ ለ500 ግራም ሬዚን ከ5 እስከ 10 ግራም ማለት ነው። ከበዛ ይግላል፣ ያጨሳል፣ ደርቆም ይሰነጠቃል። ካነሰ ደግሞ ሳይጠነክር ይቀርና ልጥፉን በሙሉ ፍቆ ማንሳት ግድ ይሆናል። ሙቀት በበዛበት ቀን ወደ 1 በመቶው፣ ቀዝቀዝ ሲል ወደ 2 በመቶው ይጠጋሉ። ቶሎ ስለሚጠጥር በአንድ ጊዜ በሩብ ሰዓት ውስጥ ቀብተው ከሚጨርሱት በላይ አይበጠብጡም። 100 ግራም ለሚመዝን ማት (ሬዚን የሚጠጣው የፋይበር ግላስ ንጣፍ) ከ200 እስከ 250 ግራም ሬዚን ይበቃል፤ ተጨማሪው ክብደት እንጂ ጥንካሬ አይሆንም። ሦስት ድርብ ይደርባሉ፣ እያንዳንዱ ከታችኛው በ2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሰፋ ያለ ሆኖ፣ በየድርቡ መሃል የቀረውን አየር በሮለር እየገፉ ያወጣሉ። ሃርድነር ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል ያለ መነጽር አይነኩትም። እናንተም ቤታችሁ ልሞክር ካላችሁ ከዚህ ጀምሩ። ላዩ በሰዓታት ውስጥ ቢጠነክርም ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ ሳምንት ያህል ሊፈጅ ስለሚችል ከዚያ በፊት አያስረክቡም።

የፕላስቲኩ ካያክ ነገሩ ሌላ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ከፖሊኢትሊን፣ ማለትም ከጄሪካን ዘር ስለሆነ ሬዚንም ሱፐር ግሉም ደህና አድርጎ አይዘውም። መፍትሔው ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ በተቆረጠ ቁራጭ በሙቀት መበየድ ነው፤ ጋሼም መጀመሪያ ከመቀመጫው ሥር፣ በማይታይ ቦታ ሞክረው መያዙን ያያሉ። ሆዱ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ግን ብየዳ አያስፈልገውም። ፀሐይ ላይ ሲሞቅ ወይም ሙቅ ውሃ ሲፈስበት ከውስጥ በእጅ ሲገፋ ይመለሳል። እሳት አታስጠጉት። የሚጎደጉደው ብዙ ጊዜ በአቀማመጡ ምክንያት ነው፦ ሁለት ድንጋይ ላይ በሆዱ ማስተኛት፣ ወይም መኪና ላይ በገመድ ጥርቅም አድርጎ አስሮ ፀሐይ ላይ መተው። በጎኑ ወይም ገልብጣችሁ፣ ከሁለቱም ጫፍ የርዝመቱ ሩብ ላይ ለስላሳ ድጋፍ አድርጋችሁ፣ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት። በእጀታው ማንጠልጠልም ሆዱን ያጎብጠዋል። የሐዋሳ ፀሐይ ፕላስቲክ ያደርቃል፤ የደረቀ ፕላስቲክ ደግሞ በትንሽ ግጭት ይሰነጠቃል።

ትንንሾቹን ነገሮች ራሳችሁ ሥሩ። ከውሃ ስትወጡ የእግር መርገጫውን ሐዲድ ከአሸዋ እጠቡ፤ አሸዋ ከያዘ አይንቀሳቀስም። መቅዘፊያውን ለሁለት ነቅላችሁ አድርቁ፣ ካልሆነ መገጣጠሚያው ይነክሳል። የክዳኑን ጎማና የውሃ ማፍሰሻውን ቡሽ ሁልጊዜ ከመግባታችሁ በፊት በጣት ዳስሱ። የውስጥ ግድግዳው ውሃ ያሳልፍ እንደሆነ ለማወቅ በአንዱ ክፍል 2 ሊትር ያህል ውሃ ጨምራችሁ አዘንብሉትና በሌላው በኩል እዩ። ላይፍ ጃኬት ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ከባድ ነገር አይጫንበት።

ጋሼን ከሁሉ በላይ የምናመሰግናቸው ግን ለጀማሪ ካያኩን ሲያስረክቡ ውሃው ዳር ወስደው አገባቡን ስለሚያሳዩት ነው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። ሐይቃችን ጠዋት ጸጥ ብሎ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሞገዱ አጭርና ተደጋጋሚ ይሆናል፣ ለመተንፈስ ጊዜ አይሰጥም። መጀመሪያ ቆማችሁ 10 ደቂቃ ውሃውን እዩት። ሞገድ በቡድን በቡድን ስለሚመጣ ትልልቆቹ ካለፉ በኋላ ያለውን ፋታ ጠብቁ። የሞገዱ ከፍታ ከጉልበታችሁ በላይ ከሆነ ለጀማሪ የዚያን ቀን አይሆንም።

ፋታው ሲመጣ አፍንጫውን በቀጥታ ወደ ሞገዱ አድርጋችሁ ውሃው ጉልበት እስኪደርስ ግቡ፣ ፈጥናችሁ ተቀመጡ፣ ሰውነታችሁን ወደ ፊት ዘንበል አድርጋችሁ ሳታቋርጡ ቅዘፉ። ካያኩ ጎኑን ለሞገድ ከሰጠ ይገለበጣል፤ የሚያቆም ሰው ደግሞ ጎኑን ይሰጣል። መቅዘፊያውን ደረታችሁ ፊት አግድም አትያዙ፣ ሞገዱ መልሶ ፊታችሁ ላይ ይመታዋል። የመቀመጫውን ክፍት የሚዘጋ መሸፈኛ ጨርቅ ያለው ካያክ ከሆነ የመሳቢያው ማሰሪያ ወደ ውጭ መውጣቱን ሳታዩ አትነሱ፣ ስትገለበጡ የምትወጡት እሱን ስባችሁ ነው።

በፍጹም በካያኩና በዳርቻው መካከል አትቁሙ። 200 ሊትር ውሃ የገባበት ካያክ 200 ኪሎ ተጨምሮበታል ማለት ነው፤ ሞገድ ሲገፋው እግር ይሰብራል። ብትገለበጡም በጥልቁ ውሃ በኩል ሆናችሁ ያዙት። ወደ ባሕር፣ ለምሳሌ ወደ ሞምባሳ የምትሄዱ ደግሞ የባሕር ሞገድ ጉልበቱ ሌላ ስለሆነ፣ ወደ ጥልቁ የሚጎትት ጅረትም ስላለ፣ የአገሩን አስተማሪ ሳትይዙና ራስ ቁር ሳታደርጉ አትሞክሩት። ስትመለሱ ካያኩን በንጹህ ውሃ እጠቡ፣ ጨው ብሎን ይበላል።

በእኛ ሐይቅ ሌላው ጥንቃቄ ጉማሬ ነው። ጎህ ሲቀድና ሲመሽ ወደ ቄጤማው፣ በተለይ የጥቁር ውሃ ወንዝ ሐይቁን ወደሚቀላቀልበት አፍ አትጠጉ፤ በጉማሬና በጥልቁ ውሃ መካከል አትግቡ። ቄጤማ ባለበት ዳርም ቢልሃርዚያ ስላለ ውሃ ውስጥ ቆማችሁ አትቆዩ።

ጋሼ ዘንድ ስትሄዱ ካያኩን አጥባችሁ ውሰዱ፣ ከየት እንደገዛችሁትና ከምን እንደተሠራ ንገሯቸው፣ ከዚህ በፊት የተለጠፈበት ካለ በምን እንደሆነ አትደብቁ። ኤፖክሲ በሚባለው ሌላ የሬዚን ዓይነት ላይ ፖሊስተር ደህና ስለማይዝ ይህን ማወቅ አለባቸው። ዋጋውን ዓይተው፣ በሳንቲማቸው አንኳኩተው ይነግሯችኋል እንጂ በስልክ አይተምኑም። ጋሼ፣ እጅዎን ቁርጥማት አይንካው፤ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።